ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት፦ የአያ ድረስ ዓይን

ቀን፦ 11/02/2026
አፉላ

ለሰሜን ቀጠና የመንገድ ዳር ፍተሻ ቅሬታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት
ለክብርት ወ/ሮ ሂላ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ

አመልካች፦ ስንቅነሽ ምንይችል፣ የጭነት መኪኖች የደኅንነት ኃላፊ፣ አፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና

ጉዳዩ፦ የአቶ ድረስ አለልኝ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ እንዲመለስ፣ በፍተሻው ወረቀት ላይ ስለ ዓይናቸው የተጻፈው ቃል እንዲሰረዝ፣ ጥፋቱም ወደ እኔ እንዲዞር ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

1. ይህን አቤቱታ በአማርኛ የምጽፈው ዕብራይስጥ ስለማልችል አይደለም። ከጽሕፈት ቤትዎ የመጣው የእገዳ ደብዳቤ ከግርጌው በስድስት ቋንቋ «ቅሬታ ካለዎት በመረጡት ቋንቋ ያቅርቡ» ይላል፤ ስድስተኛው አማርኛ ነው። በሠላሳ አምስት ዓመት የእስራኤል ኑሮዬ ይህን ግብዣ የተቀበለ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ምናልባት እናንተም አላያችሁም። እንግዲህ ጠርታችሁኛል፣ መጥቻለሁ። አስተርጓሚ መፈለጉ የእናንተ ፈንታ ነው። ደግሞም የምነግርዎት ነገር በዕብራይስጥ ሲነገር ቀልድ ይመስላል። በአማርኛ ግን ቀልድ እንዳልሆነ አስተርጓሚው ራሱ ይነግርዎታል።

2. ሥራዬ ካጺን ብቲሁት የምትሉት ነው፤ በአማርኛ የደኅንነት ኃላፊ ብንለው ያስኬዳል። አሠሪዬ አቶ ያሮን ዘጠኝ ከባድ የጭነት መኪና አሏቸው። የእኔ ድርሻ መኪኖቹም ሹፌሮቹም መንገድ ዳር ተቆጣጣሪ ሲያስቆማቸው ሳይርበተበቱ እንዲያልፉ ማሰናዳት ነው። አቶ ያሮን መልካም ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ማንኛውንም ችግር «ይሂዬ ብሴዴር»፣ ደኅና ይሆናል፣ በሚል አንድ መድኃኒት ነው የሚያክሙት። ፍሬኑ ሲያፏጭ ይሂዬ ብሴዴር። የጭነት ማሰሪያው ሲሳሳ ይሂዬ ብሴዴር። ሹፌሮቹም ይህንኑ ከእሳቸው ይማራሉ። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ እኔ ለመንግሥት ቢሮ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ አልጨርሰውም፤ አስተርጓሚውን ይጠይቁት።

3. እኔ ግን እንዲያ አልሠራም። ለእያንዳንዱ መኪና ሃያ ሁለት ተራ ቁጥር ያለው ዝርዝር አውጥቻለሁ። ሹፌሩ ጠዋት ከጋቢናው በር ተነሥቶ በቀኝ በኩል መኪናውን ይዞራል፦ መብራት፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ የጎማ ጥርስ፣ የጎማ ብሎን፣ የአየር ፍሬን ቱቦ፣ የተሳቢ ማያያዣ፣ ማሰሪያ፣ ሸራ፣ ከጎማ ሥር የሚገባው ታኮ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ወረቀቶች፣ ሌላም ሌላም። ሁሉንም በእጁ ይነካል። በዓይን ብቻ አይቶ ማለፍ ክልክል ነው፤ ዓይን የለመደውን ነገር አያይም። አቪሻይ የሚባለው ወጣት ሹፌራችን አንድ ቀን ሳይዞር ፈርሞ ሊወጣ ሲል ቁልፉን ቀምቼው በባቡር ወደ ቤቱ ሰድጄዋለሁ። እስከ ባቡር ጣቢያው በእግሩ ነው የሄደው፤ ዝናብም ነበር።

4. ጉዳዩ የሚመለከታቸው አቶ ድረስ አለልኝ፣ እኛ አያ ድረስ የምንላቸው፣ ከሹፌሮቻችን ሁሉ በዕድሜ ትልቁ ናቸው። በመታወቂያቸው ስልሳ አምስት ዓመታቸው ነው። ከወገራ ተነሥተው፣ በሱዳን አድርገው፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው እዚህ የገቡት። ሃያ ስድስት ዓመት ከባድ መኪና ሲነዱ እንኳን ሰው አጥር አልነኩም። ለጡረታ አሥራ አራት ወር ቀርቷቸዋል። ማንበብ ስለማይሆንላቸው ሃያ ሁለቱን ተራ ቁጥር በቃላቸው ይዘውታል፤ የሚሉትም በዜማ ነው። ጠዋት ከሩቅ የሰማቸው ሰው ግቢያችን ውስጥ ቄስ መጥቶ መኪና የሚባርክ ይመስለዋል።

5. የአያ ድረስ ችግር መኪናው ላይ ኖሮ አያውቅም። ችግሩ ባለሥልጣን ፊት ሲቆሙ ዓይናቸውን መሬት ላይ መትከላቸው ነው። ባለፉት ሁለት ዓመታት ሦስት ጊዜ ተፈትሸዋል። ሦስቱንም ጊዜ መኪናው እንከን አልተገኘበትም፣ ሦስቱንም ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆመዋል። ተቆጣጣሪው ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸው የጫማውን ጫፍ እያዩ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው «እህ» ይላሉ። ይህ በእኛ ዘንድ «አዎን፣ እሺ ጌታዬ» ነው። በእናንተ ወረቀት ላይ ግን አንዱ «ሹፌሩ ዓይኑን ይሰውራል፣ የሚደብቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም» ሲል ሌላው «የመተንፈስ ችግር አለበት» ብሎ ጽፏል። በሁለተኛው ጊዜ የጫኑት ከቤት ሸአን ከተማ የመጣ ትኩስ የድንብላል ቅጠል ነበር። ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠወለገ፣ ገዢው አልቀበልም አለ፣ ተመልሶ ግቢያችን ስለተራገፈ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮዬ ወጥ ቤት ወጥ ቤት ሸተተ። አቪሻይ በበኩሉ ማስቲካ እያኘከ ተቆጣጣሪውን «አኺ»፣ ወንድሜ፣ እያለ የፍሬን መብራቱ ጠፍቶ እንኳ በዘጠኝ ደቂቃ ተለቋል። አቪሻይ ደግሞ ዓይን ዓይን ነው የሚያየው፤ እዚህ ተወልዶ አይደል!

6. ክብርት ሆይ፣ እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግ ጨዋነት ነው። ዳኛን፣ አባትን፣ አማትን አፍጥጦ የሚያይ ሰው «ዓይን አውጣ» ይባላል፤ «ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ» ይባላል። ዓይነ አፋሩ ይመረቃል፣ ይዳራል። እኔ ራሴ በአሥራ አምስት ዓመቴ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቼ እዚህ ትምህርት ቤት ስገባ መምህርቷ «ሳናግርሽ እዪኝ!» ባለችኝ ቁጥር የባሰ አቀረቅር ነበር። ትሰማ እንደሆነ ይታይ ተብሎ ስድስት ወር ሙሉ ጆሮዬ ተመረመረ። ጆሮዬ እስከ ዛሬ ደኅና ነው።

7. ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ሃያ ሦስተኛ ተራ ቁጥር ጨመርኩ፦ ዓይን። ይህ የራሴ ፈጠራ እንጂ ማንም ያዘዘኝ እንዳልሆነ ልብ ይበሉልኝ፤ አቤቱታዬ ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ዓርብ ዓርብ ከሥራ በፊት አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሼ፣ የልጄን ጥቁር መነጽር ግንባሬ ላይ ሰክቼ፣ ተቆጣጣሪ ሆኜ ግቢው መሐል እቆም ነበር። አያ ድረስ ከጋቢናው ወርደው ይመጣሉ። ሰውየው የአባቴ ባልንጀራ ናቸው፤ አባቴ የሞተ ዕለት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ቆሜ «ዓይን ዓይኔን እየኝ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። በልምምዱ ሰዓት «አንተ» እንድላቸው ተስማምተን ነበር፤ ተቆጣጣሪ «እርስዎ» አይልማ። ከልምምዱ በኋላ ይቅርታ ስጠይቃቸው «ግድ የለም ልጄ፣ መንግሥት ሆነሽ ነው» ይሉኛል።

8. በመጀመሪያው ዓርብ ዓይናቸው አገጬ ላይ ደረሰ። በሦስተኛው አፍንጫዬ ላይ። በአምስተኛው ግንባሬ ላይ ወጣ፤ ዓይኔን ዘለውት ማለት ነው። በስምንተኛው ዓርብ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እሳቸው አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። አቶ ያሮን ከቢሮ ወጥተው ሲያዩን የሞተ ሰው ያለ መስሏቸው ነበር።

9. እዚህ ላይ ቢበቃኝ ምን ነበረበት! እኔ ግን የጨረስኩትን ነገር ካላጠበቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሦስት ትእዛዝ ጨመርኩ። አንደኛ፣ ተቆጣጣሪው እስኪለቅህ ድረስ አትልቀቀው። ሁለተኛ፣ ዓይንህን አታርገብግብ፣ የደከመህ ይመስለዋል። ሦስተኛ፣ «አትየኝ» ቢልህ እንኳ ፈተና ነው፣ እንዳትታለል። ሦስተኛዋን ያመጣኋት እሳቸው በሰበብ አስባቡ እያቀረቀሩ ስላስቸገሩኝ ነበር፤ «አትየኝ» ብዬ ስጮኽ ካቀረቀሩ ከመጀመሪያው አስጀምራቸዋለሁ። ቅንድብ ላበጅ ብዬ ዓይን አጠፋሁ ማለት እንዲህ ነው።

10. በ14/01/2026 ረፋዱ ላይ አያ ድረስ የከብት መኖ ጭነው ከአፉላ ወደ ቤት ሸአን በሚወስደው መንገድ ሲሄዱ አቶ ሳሃር የሚባሉት ተቆጣጣሪያችሁ አስቆሟቸው። የሆነውን ሁሉ የመኪናው ካሜራ ቀርጾታል፤ ፊልሙን አያይዤያለሁ። አቶ ሳሃር ጨዋ ወጣት ናቸው። ሰላምታ ሰጡ፣ ወረቀት ጠየቁ። አያ ድረስ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ሰጡና ዓይናቸውን ተከሉባቸው። አቶ ሳሃር ወደ ግራ ሲሉ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሉ ወደ ቀኝ። ፍሬኑን ሊያዩ ተሳቢው ሥር ሲገቡ አያ ድረስ ስልሳ አምስት ዓመታቸውን ይዘው ቁጢጥ አሉና ከጎማው መሐል አዩዋቸው። ውሃ ሊጠጡ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ተከትለው በመስኮቱ አዩዋቸው። የአያ ድረስ ዓይን ቀላ፣ እንባ አቀረረ፣ አልተርገበገበም። በስድስተኛው ደቂቃ አቶ ሳሃር «አባ፣ ምነው ታየኛለህ?» አሉ። አያ ድረስ አየር ሳቡና «እህ» አሉ። በዘጠነኛው ደቂቃ «በቃ፣ አትየኝ!» አሉ። አያ ድረስ በኋላ እንደነገሩኝ «ይህቺ ናት ስንቅነሽ ያለቻት ፈተና» ብለው ይብሱን አፈጠጡ፤ እንዲያውም አንድ እርምጃ ቀረብ አሉ።

11. በአሥራ አንደኛው ደቂቃ አቶ ሳሃር ታብሌታቸውን እንደያዙ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከኋላቸው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነበር። ቦዩ ሰባ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አለው፤ ሄጄ ለክቼዋለሁ። ክዳን የለው፣ አጥር የለው፣ ምልክት የለው። ሰውን የምታስቆሙበት ቦታ በእኔ ዝርዝር ቢፈተሽ ከአንደኛው ተራ ቁጥር አያልፍም ነበር። አቶ ሳሃር ወደቁ፣ የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። አያ ድረስ ዘለው ገቡ፣ ደግፈው አወጡዋቸው፣ የተሰበረውን እጅ በአንገት ልብሳቸው አሰሩ፣ ታብሌቱን ከጭቃው አውጥተው በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ አምቡላንስ ጠሩ። አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ ግን ዓይናቸውን አልነቀሉም፤ ገና አልተለቀቁማ።

12. የዕለቱ የፍተሻ ወረቀት በእጄ ነው። ከላይ እስከ ታች «ታኪን፣ ታኪን፣ ታኪን» ይላል፤ ሁሉም ደኅና፣ አንድም እንከን የለም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት መስታወት ውስጥ አስገብቼ ልሰቅለው ይገባኝ ነበር። ከግርጌው በማስታወሻው ቦታ ግን እንዲህ ተጽፏል፦ «ሹፌሩ ተቆጣጣሪውን ያለማቋረጥ በአስፈሪ ዓይን አየው። በዚህ እይታ ምክንያት ተቆጣጣሪው ወድቆ እጁ ተሰበረ።» በዚህ ቃል ላይ ተመሥርቶ ጽሕፈት ቤትዎ የአያ ድረስን መንጃ ፈቃድ ለዘጠና ቀን አገደ፣ የጠባይ ምርመራ አዘዘ፣ ለየካቲት ወር መጨረሻም ሺሙዓ የምትሉትን የመሰማት ቀጠሮ ያዘ። ፈቃዱ ይሰረዝ ወይስ ይመለስ የሚለው በዚያ ቀን ይቆረጣል ተብሏል።

13. ክብርት ሆይ፣ እስካሁን ስቀው ከሆነ አልፈርድብዎትም። ከዚህ በኋላ ግን እኔም አልቀልድም።

14. ጎንደር ሳለን ጎረቤቶቻችን ቡዳ ይሉን ነበር። ቡዳ ማለት በዓይኑ ሰው የሚበላ፣ ያየው ነገር ሁሉ የሚጠፋ ማለት ነው። አባቶቻችን ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ፤ ማረሻችንን ይገዛሉ፣ ዓይናችንን ይሸሻሉ። አያ ድረስ የቀጥቃጭ ልጅ ናቸው። በዘጠኝ ዓመታቸው ከአባታቸው ጋር ማረሻ ሊሸጡ ገበያ ወጥተው አንድ ገበሬ ይዞት የመጣ ግንባረ ቦቃ ጥጃ ደስ ቢላቸው ቆመው አዩት። ጥጃው በሳምንቱ ሞተ። የጥጃው ባለቤት ዘመዶቹን አስከትሎ መጣ፤ አባትየውን ደበደቧቸው፣ ወናፋቸውን በቢላ ቀደዱት። አባትየው ከተኙበት ሳይነሡ ልጃቸውን ጠርተው «ልጄ፣ ከእንግዲህ መሬት መሬቱን እይ፤ መሬት አይከስህም» አሏቸው። አያ ድረስም አባታቸውን ሰምተው ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ መሬት መሬቱን አዩ።

15. እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ጨዋነት ብቻ መስሎኝ ከስምንት ዓርብ በላይ «እየኝ!» እያልኩ ጮኽኩባቸው፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ነገሩን የሰማሁት ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ሰንበቱ ነው፣ ያውም ሁሉም ካለፈ በኋላ። እንግዲህ ያስቡት። ሰውየው ከሃምሳ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ከእኔ ልምምድ ውጪ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውን ትክ ብለው አዩ፤ ያዩት ሰው ወደቀ። በእሳቸው ዓይን ምክንያት መውደቁንም የመንግሥት ቢሮ ጽፎ ማኅተም መታበት። የወገራ ገበሬዎች እንኳ በጽሑፍ አልሰጧቸውም ነበር።

16. ደብዳቤያችሁን ላነብላቸው ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው፤ ይህም ሌላው ጥፋቴ ነው። «በዚህ እይታ ምክንያት» የሚለው ላይ ስደርስ አያ ድረስ ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲህ እነዚህም ደረሱበት» አሉ። አልተቆጡም፣ አልተከራከሩም። እኔ ይግባኝ፣ ቀጠሮ፣ ጠበቃ እያልኩ ስለፈልፍ እሳቸው የሚያስቡት ስለ ጥጃው ነበር።

17. ከአደጋው በኋላ በስድስተኛው ቀን የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ተወለደች። ስሟ ሺሬል ነው። ልጃቸው አሥራ አንድ ዓመት ስትለምናት የኖረች ሕፃን ናት። አያ ድረስ እስከ ዛሬ አላዩዋትም። የሚነዱበትን ጥቁር መነጽር ቤት ውስጥ አድርገው ይቀመጣሉ፤ ሕፃኗ ስትመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ወ/ሮ ሰንበቱ እኔው ፊት «ምን ሆነሃል አንተ ሰው፣ ታቀፋት እንጂ!» ብለው ጨቀጨቋቸው። አያ ድረስ ከግድግዳው ሳይዞሩ «እኔ ያየሁት ወደቀ። እሷ ገና አንገቷ እንኳ አልጠናም» አሉ። ልጃቸው ሕፃኗን ይዛ ወጥታ ኮሪደር ላይ ስታለቅስ ሰማኋት። ያን ጊዜ ምነው ቦዩ ውስጥ የወደቅሁት እኔ በሆንኩ ብዬ ተመኘሁ።

18. እኔ በቡዳ አላምንም። እኔ የማምነው በቦይ ነው። ስለዚህ አቶ ሳሃርን ቤታቸው ድረስ ሄጄ ጠየቅኋቸው። እጃቸው በጀሶ ታስሯል፤ ደኅና ናቸው። «እኔ እኮ ተንሸራትቼ ነው» አሉኝ። ታዲያ ለምን እንዲያ ጻፉ ብላቸው ነገሩ ወለል ብሎ ወጣ። በታብሌቱ ላይ አደጋ ሲመዘገብ ቅጹ ምክንያት ካልተሞላ አይዘጋም። ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፦ የአየር ሁኔታ፣ ተሽከርካሪው፣ ሹፌሩ። ቦይ የሚል የለም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ተሽከርካሪው ታኪን ነበር፣ የቀረው ሹፌሩ ነው። ሹፌሩን ሲመርጡ ቅጹ «ሹፌሩ ምን አደረገ?» ብሎ ጠየቃቸው። በግራ እጃቸው፣ በስብራት ሕመም ላይ ሆነው፣ «አየኝ» ብለው ጻፉ፤ የቀረውን ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው አሳመረው። አሁን ላርመው ቢሉ የተዘጋ ቅጽ የሚከፍተው ኃላፊዋ ብቻ ናት ተባሉ። ይህን ሁሉ ጽፈው ፈርመውልኛል፤ አያይዤዋለሁ። ስወጣ በሩ ላይ ጠርተው «ሽማግሌው እንዴት ናቸው? እጄን ከሐኪሙ ይበልጥ አጥብቀው ነው ያሰሩልኝ» አሉኝ። የዚህን ልጅ እናት እግዚአብሔር ይባርካት።

19. ጥፋተኛ ካስፈለገ እነሆኝ። አያ ድረስ ሦስቱንም ትእዛዜን አንድም ሳያጎድሉ ፈጽመዋል። በሃያ ሁለቱ ተራ ቁጥር ላይ እንደታዘዙኝ በሃያ ሦስተኛውም ታዘዙኝ። ተቆጣጣሪው ላይ ያፈጠጥኩት እኔ ነኝ፤ የተጠቀምኩት በእሳቸው ዓይን ነው። ሃያ ሦስተኛውን ተራ ቁጥር ከዝርዝሬ ሰርዤዋለሁ። ሹፌሮቼን እንዲያፈጥጡ ማስተማሩ እናንተ ያቀረቀረውን ሁሉ ሌባ ማድረጋችሁን እስካልተዋችሁ ድረስ እንደሚያስፈልግ ግን አልክድም። ሹፌር ማዘጋጀት የእኔ ሥራ ነው፤ ተቆጣጣሪ ማዘጋጀት የማን ሥራ እንደሆነ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

20. ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ. የአቶ ድረስ አለልኝ መንጃ ፈቃድ እስከ ቀጠሮው ሳይቆይ እንዲመለስላቸው፤ አሥራ አራቱን ወር ነድተው በክብር ጡረታ እንዲወጡ።

ለ. ቅጹን ከፍተው «በዚህ እይታ ምክንያት» የሚለውን እንዲሰርዙና በምትኩ «በቦዩ ምክንያት» ብለው እንዲጽፉ። ቅጹ ቦይን አልቀበልም ካለ ቅጹን ይቀጡልኝ፤ ቦዩንም ይድፈኑልኝ።

ሐ. ቅጣት ካለ በእኔ ስም እንዲጻፍ። ስሜን ከላይ አስፍሬያለሁ፣ አድራሻዬን አቶ ያሮን ያውቃሉ፤ ምን እንደሚሉ ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

መ. ሺሙዓው የማይቀር ከሆነ በዚያን ቀን አያ ድረስ ፊትዎ ቆመው ዓይናቸውን መሬት ቢያደርጉ ድብቅ ሰው ናቸው ተብሎ እንዳይጻፍባቸው። ማክበራቸው ነው። «እህ» ካሉም አዎን ማለታቸው ነው፤ አምቡላንስ አይጥሩ።

ሠ. ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ቢነሡኝ ይህን አይንሡኝ። «የአቶ ድረስ አለልኝ ዓይን ማንንም አልጎዳም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በጽሕፈት ቤትዎ ወረቀት ጽፈው ይስጡኝ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፋችሁ እንደማታውቁ አውቃለሁ፤ ያኛውንም እኮ ከዚህ በፊት ጽፋችሁ አታውቁም ነበር።

21. ማኅተሙ ትልቅ ቢሆን፣ ቀለሙም ደመቅ ቢል ደስ ይለኛል። አያ ድረስ ማንበብ አይችሉም፤ ማኅተም ግን ያምናሉ፣ ጉዳቸውም የመጣው ከዚሁ ነው። ደብዳቤው በመጣ ዕለት ጊቫት ሃሞሬ ወጥቼ አነብላቸዋለሁ፣ ማኅተሙን በጣታቸው አስነካቸዋለሁ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አወልቄ ሺሬልን ጭናቸው ላይ አስቀምጣታለሁ። ሕፃኗ ሦስት ሳምንት አልፏታል። ማንም ሳያስተምራት ሰውን ትክ ብላ ማየት ጀምራለች። የቀሩት እሳቸው ናቸው።

ከሰላምታ ጋር፣
ስላስተማርኩት ትምህርት ዓይኔን ሰበር አድርጌ፣

ስንቅነሽ ምንይችል
(ፊርማ)